እድሩ ክፍሌ ገባ

እህቴ አግብታ ወደ አስኮ የሄደች ቀን ቤተሰቡ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ግን እያለቀስኩ በአንድ ዓይኔ የማየው ክፍሏን ነበር። አልጋውን፣ መስኮቱን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ሊሆን ነው!

እስከዚያ ድረስ የምተኛው ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ነበር። እኛ ቤት ሳሎን የሚተኛ ሰው ያለው መብት ከድመቷ ያንሳል። አባዬ ዜና ካልጨረሰ መተኛት የለም። እንግዳ ከመጣ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ መሮጥ ነው። ጠዋት እማዬ መጋረጃውን ጥርግ አድርጋ ስትከፍተው ደግሞ የኮልፌ ፀሐይ በሙሉ ተሰብስባ እኔ ፊት ላይ ትወጣለች።

የእህቴ ክፍል ትንሽ ናት። ከቤቱ ጀርባ የተቀጠለች፣ በሯ በቀጥታ ወደ ግቢው የሚከፈት። ለእኔ ግን ቤተ መንግሥት ነበረች። ቀለም አልጠየቅኩ፣ ምንጣፍ አልጠየቅኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰው ሲመጣ በሩን አንኳክቶ «ልግባ?» እንዲለኝ።

ቀላል ይመስላል አይደል? እኛ ቤት ግን የሚንኳኳው የውጭው የቆርቆሮ በር ብቻ ነው። የውስጥ በር ይገፋል። እማዬ በትከሻዋ ትገፋዋለች፣ እጇ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ስለሆነ። አባዬ ጨዋ ሰው ነው፣ መምጣቱን በሳል ያሳውቃል፤ የሚያስለው ግን ከገባ በኋላ ነው። በሩ ላይ «እባካችሁ አንኳኩ» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። እማዬ አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣

«በሩ ላይ የለጠፍሽው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አንኳኩ ይላል።»

«ለምን? ምን የምትደብቂው ነገር አለ?»

ምንም የምደብቀው ነገር የለኝም። የምደብቀው ነገር እንዲኖረኝ ራሱ መጀመሪያ በር ያስፈልገኛል! ይህን ግን ለእማዬ አላልኳትም።

ክፍሏን ይዤ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላኝ ነገሩ መጣ። አባዬ የሰፈራችን እድር ንብረት ያዥ ነው። እድሩ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ሰው ሲያገባ ዕቃ ያውሳል፤ ዕቃው የሚቀመጠው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ነበር። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ያቺ ቤት ፈረሰች። አባዬ እሑድ ከእድሩ ስብሰባ ሲመለስ ወትሮ የማያደርገውን አደረገ፤ ለእኔ ብቻ ማንጎ ገዝቶ መጣ። ወዲያው ጠረጠርኩ።

«ለጊዜው ነው» አለ፣ ማንጎውን እያቀበለኝ።

«ምኑ?»

«የእድሩ ዕቃ። ምትክ ቦታ እስክናገኝ እኛ ጋ ይቀመጥ ተባለ። ንብረት ያዡ እኔ አይደለሁ?»

«እሺ፣ እኛ ጋ የት?»

አባዬ ማንጎውን አየ። «ብዪ እንጂ። በጣም ጣፋጭ ነው አሉ።»

በማግስቱ አይሱዙ መኪና በራችን ላይ ቆመ። የድንኳን ብረቶች ገቡ። ድንኳኑ ራሱ ተጠቅልሎ፣ እንደ ታመመ ሰው ለአራት ተሸክመውት ገባ። አግዳሚ ወንበሮች ገቡ። ሕፃን ልጅ ሊዋኝባቸው የሚችል ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ ትሪዎች፣ የብረት ሰሃኖች፣ ብርጭቆ በሳጥን፣ ጆግ፣ ጭልፋ፣ ሳፋ። ለመርዶ የሚለፈፍበት ድምፅ ማጉያም ገባ። ከሁሉም መጨረሻ ወደ ክፍሌ የገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱም በጎን።

አለቀስኩ። የእህቴ ሰርግ ቀን ካለቀስኩት በላይ፣ ደግሞም በሁለቱም ዓይኔ።

«እድር እኮ ነው» አለችኝ እማዬ ልታባብለኝ። «ነገ ለአንቺም ነው። ማን ይቀብርሻል?»

«እማ! ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው!»

ወሬው ትምህርት ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጓደኞቼ ሙድ ያዙብኝ። ጠዋት ጠዋት ክፍል ስገባ አንዷ ተነስታ እጄን ትጨብጥና አንገቷን ደፍታ «እግዜር ያጽናሽ» ትለኛለች፤ ሌላዋ ቀጠል አድርጋ «ምግብ ስንት ሰዓት ነው የሚቀርበው?» ትላለች። መጀመሪያ አኮረፍኩ። ኋላ ሳስበው እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን አልተዋቸውም ነበር።

ከዕቃው ይልቅ ያቃጠለኝ ሰዉ ነው። የእድር ዕቃ ባለበት ቤት በር የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ጭልፋ ፈልጎ፣ አንዷ ሳፋ ልትመልስ፣ አንዱ ደግሞ «አለ ወይ ብዬ ነው» ብሎ ለማየት ብቻ ይመጣል። ሁሉም ይገፋል። አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ቅባት ተቀብቼ፣ በፌስታል ጠቅልዬ፣ መስታወት ፊት እየጨፈርኩ ሳለ በሩ ብርግድ አለ። የእድሩ ሊቀመንበር፣ ከኋላቸው ሦስት ጎልማሶች። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ድንኳኑን ፈልገን ነው።»

«ይግቡ ጋሼ» አልኩ፣ ፌስታሌን እንደያዝኩ። ምን እላለሁ? ገብተዋል እኮ! እሳቸው ድንኳኑ ከክፍሉ እስኪወጣ ድረስ ዓይናቸውን ከጣሪያው አላነሱም። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ቀዳዳ ያገኙት ያን ቀን ነው፤ በኋላ ሰው ልከው አስጠገኑልኝ።

እንግዲህ ለውጡ የጀመረው በንዴት ነው። ከዕቃው መሀል አሮጌ፣ የተጣጣፈ ሸራ አለ፤ አዲሱ ድንኳን ሳይገዛ በፊት የነበረው። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጠርኩና ሸራውን ሰቀልኩት። ከሸራው ወዲያ የእድሩ፣ ከሸራው ወዲህ የእኔ። ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አነባብሬ የጽሕፈት ጠረጴዛ ሠራሁ። አዲሱን ድንኳን በደንብ አጥፌ ግድግዳው ሥር ሳስጠጋው ምን የመሰለ መቀመጫ ወጣው መሰላችሁ! እህቴ ሶፋ ለመግዛት ከነባሏ መርካቶ ስትንከራተት እኔ በነፃ አገኘሁ። የአፈር ሽታ ትንሽ አለው፣ ግን ይለመዳል።

አባዬ ገባ። ከገባ በኋላ ሳለ። ሸራውን ገለጥ አድርጎ አየኝና፣

«ድንኳን ጥለሽ ተቀመጥሽ?» አለኝ።

«አዎ። ክፍሌ ሞታብኛለች፣ ለቅሶ ላይ ነኝ።»

ሳቅ አፈነው። «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ወጣ። ለካ የጓደኞቼ ቀልድ እሱም ጋ ደርሷል።

ከሸራው ጀርባ መሆን ያልጠበቅኩት ጥቅም ነበረው። የእድሩ ሴቶች ዕቃ ሊያጥቡና ሊወለውሉ ሲመጡ እኔ መኖሬን ይረሱታል። የሴቶቹ አለቃ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ቤተሰባቸው ከደቡብ ምዕራብ የመጣ ነው፤ እሳቸው ግን ኮልፌን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋታል። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ሰሃን እየወለወሉ ሲያወሩ እኔ ወዲህ በኩል የሒሳብ መጽሐፌን ገልጬ ጆሮዬን ወዲያ እልካለሁ።

አንድ ቀን የመጀመሪያውን የገበያ ቀናቸውን አወሩ። ከእናታቸው ጋር ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው መጡ። ከተማውን ስለማያውቁት ጠዋት ጥላ የነበረውን ቦታ መርጠው ተቀመጡ። ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ዞራ መጣችባቸው። «ቅቤው ቀስ ብሎ ወደ ጎረቤት መሄድ ጀመረ» አሉ። «እናቴ እግሯን ዘርግታ ገደበችው! እኔ ማልቀስ። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? ተነስታ ‹ኑ! የቀለጠ ነው፣ እሳት ቆጠብንላችሁ!› ብላ ጮኸች። ከጎናችን ያለው ሁሉ ሳይሸጥ እኛ ጨርሰን ገባን።»

ከሸራው ጀርባ ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ።

«አንቺ ልጅ! አለሽ እንዴ?»

«አለሁ እትዬ።»

«ስንት ጊዜሽ ነው የምትሰሚን?»

«ከመጣችሁ ጀምሮ።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። እሳቸው ሸራውን ገለጡና ቁልቁል አዩኝ። እኔ ያኔ የሒሳብ መጽሐፉን ትቼ የሚያወሩትን እየጻፍኩ ነበር። «ስሜን እንዳትጽፊ» አሉኝ። «ቅቤውን ግን ጻፊው።» ይኸው ስማቸውን አልጻፍኩም፤ እሳቸውን ከተውኩ ደግሞ የሌላውንም ስም መጻፍ አድልዎ ይሆናል ብዬ ሁሉንም ተውኩት።

ቅቤው የአማርኛ ድርሰት ሆነ። ከዚያ በፊት ድርሰት ስጽፍ «ተፈጥሮ እጅግ ውብ ናት» ብዬ ጀምሬ «ስለዚህ ተፈጥሮን እንጠብቅ» ብዬ እጨርሳለሁ፤ መምህራችን ከሥሩ «ጥሩ» ብላ ትመልስልኛለች። ይህን ግን ክፍል ፊት አስነበበችኝ። እናትየው እግሯን ዘርግታ ቅቤውን ስትገድብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። «እግዜር ያጽናሽ» የምትለኝ ልጅ ዴስኩን እየደበደበች ሳቀች። እኔ የጻፍኩት ነገር፣ እኔ ይስቃሉ ብዬ ያሰብኩበት ቦታ ላይ፣ ሰው ሳቀ! ያን ቀን ከአየር ጤና ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ነው ቤት የገባሁት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ታክሲው የሚበቃኝ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ሲመጡ ሸራውን ራሴ እገልጠዋለሁ። ሰሃን እወለውላለሁ፣ እሰማለሁ። ግን አንድ ነገር አልተለወጠም፤ አሁንም ማንም አያንኳኳም። ደስ በሚል ወሬ የታጀበ ቢሆንም በሩ የእኔ አልነበረም። መንገድ ነበር።

እማዬ አንድ ትልቅ ስህተት የሠራችው በዚህ መሀል ነው። እማዬ ቆሻሻ አትወድም፤ ቤቷ የገባ ዕቃ ደግሞ የማንም ይሁን የማን ይታሻል። የእድራችን ዕቃ ሁሉ ከሥሩ ቀይ የዘይት ቀለም ጠብታ ነበረው። «ጥፍር ቀለም የፈሰሰበት ነው የሚመስለው፣ ያስጠላል» አለችና በነጭ ጋዝና በሽቦ ፈትጋ ፈትጋ አጠፋችው። ሁሉንም። አባዬ ሲያይ ዕቃው እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። «እንዲህ ነው ንብረት መያዝ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ቀለሙ ለምን እንደተቀባ ሁለቱም አላሰቡም።

የገባን ሰርግ ሲመጣ ነው። አንድ ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ድግሱ ሰፋበትና ከእኛም እድር ከማዶ ሰፈርም እድር ዕቃ ተዋሰ። ሰርጉ አለፈ፣ ዕቃው ታጥቦ በጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ተቆለለ። አባዬና የማዶው እድር ንብረት ያዥ ሊለዩ መጡ። የማዶው ሰውዬ በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈዋል። አንድ ትሪ አንስተው ገለበጡና አባዬን አዩት።

«የእናንተ ቀይ ቀለም አልነበረውም?»

«ነበረው» አለ አባዬ። እማዬን አየ። እማዬ ሰማዩን አየች።

«የእናንተስ ምልክቱ ምንድን ነው?» ሲሉ ቅቤ ነጋዴዋ ጠየቁ።

«የእኛማ ምልክት የለውም። የእናንተ ቀይ ካለው ሌላው የእኛ ነው ብለን ነዋ!»

ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። የማዶው ሰውዬ ደህና ደህናውን ትሪ ወደ ራሳቸው ጎን መጎተት ጀመሩ። አባዬ ፊቱ ቀላ፤ ምስኪን፣ ንብረት ያዥ ሆኖ ንብረቱን ማወቅ አቃተው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ዓይኔ ሰውዬው የያዙት ትሪ ላይ አረፈ፤ አላስቻለኝም።

«እሱ የእኛ ነው» አልኩ።

«በምን አወቅሽ?»

«ጠርዙ ላይ የተነከሰ የሚመስል ቦታ አለ። አልጋዬ አጠገብ ነው የሚቆመው፣ ስነሳ ጉልበቴን ይቧጥረኛል።» ጉልበቴን አሳየኋቸው። «ያኛው ድስት ደግሞ ከጆሮው ሥር፣ በውስጥ በኩል በአሉሚኒየም ተለብዷል። ያኛው ግን የእናንተ ነው፣ አላውቀውም።»

«ሰሃንም መልክ አለው እንዴ?» አሉ ሰውዬው እየሳቁ።

«የእናንተን እንጃ። የእኛ አለው።»

ቅቤ ነጋዴዋ ድስቱ ውስጥ በግማሽ ገብተው አዩና «አለ! ልብዱ አለ!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው ከድስቱ ውስጥ እንደ ደወል ወጣ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመኛል? ይህቺ ትሪ ወደ ግራ ታዘነብላለች፣ መጽሐፍ ደግፌባት አውቃለሁ። የዚህች ሰሃን ቀለም በዝንብ ቅርጽ ተሸርፏል። ይህ ጆግ ክዳኑ የሱ አይደለም። እንዲያውም ሰውዬው ሳያስቡት ወደ እኛ ጎን የሄደ አንድ ጥሩ ሳፋ አንስቼ «ይሄ የእናንተ ነው» ብዬ ስመልስላቸው ኮታቸውን ፈቱ። ብርጭቆውን ብቻ አላወቅኩትም። እሱን እኩል ተካፈሉ፣ ተሳስቀውም ተለያዩ።

የሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እኛ ግቢ ሆነ። ለስላሳ እያዞርኩ ሳለ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጉዳዩን አነሱ። ቤቴል አካባቢ ያለ አንድ አባል ባዶ ሰርቪስ ቤት አለኝ ብሏል። ዕቃው ወደዚያ ሊዛወር ይችላል። «ይህቺ ልጅ ብዙ ተቸግራለች» አሉ። «አሁን ክፍሏን እንመልስላት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የጠበቅኩት ቀን መጥቷል። አፌን ከፍቼ «እሺ» ልል ነበር። ከዚያ ባዶዋ ክፍል ታየችኝ። የድንኳን ሶፋ የለም፣ ሸራ የለም፣ ቅቤ ነጋዴዋ የሉም። እማዬ በሩን በትከሻዋ ትገፋለች። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ «ተፈጥሮ እጅግ ውብ ናት» እያልኩ እጽፋለሁ።

«ይቆይ» አልኩ።

አባዬ የያዘው ለስላሳ ሊወድቅ ነበር። «ምን አልሽ?»

«ዕቃው ይቆይ። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ።»

«ጠይቂ ልጄ» አሉ ሊቀመንበሩ።

የያዝኩትን ለስላሳ አስቀመጥኩ። «የእድሩ ሰው ሲመጣ በሩን ያንኳኳ። ግቡ እስክል ይጠብቅ።»

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ቀስ ብለው ወደ ሰማይ አነሱ፤ ፌስታሌ ትዝ ብሏቸው መሆን አለበት። «ትክክል ነች» አሉ በጣም ከልባቸው። ጸሐፊው ብዕራቸውን አዘጋጅተው፣

«ቃለ ጉባኤ ላይ ይግባ?» አሉ።

«ይግባ እንጂ!»

«እኔንም ይጨምራል?» አለ አባዬ።

«አባል አይደለህ እንዴ?» አሉት።

እማዬ ከጓዳው በር ላይ ሆና እየሳቀች፣ «እንግዲህ እኔን አይነካኝም፤ አባሉ ባሌ ነው» አለች።

«በባልሽ በኩል ነሽ!» ሲሉ ቅቤ ነጋዴዋ ጮኹ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እጅ አውጡ ተባለ። እማዬም አወጣች፣ በጭልፋ።

በማግስቱ ጠዋት ከሸራው ጀርባ፣ ድንኳኑ ላይ ተጋድሜ እያነበብኩ ነበር። በሩ ቀስ ብሎ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። ተነስቼ ቁጭ አልኩ። የምናገረውን ቃል ለብዙ ጊዜ አዘጋጅቼው ነበር።

«ማነው?» አልኩ።

ውጭ የመንሾካሾክ ድምፅ ተሰማ። ምን ብለው መመለስ እንዳለባቸው የሚመካከሩ ይመስላል። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው መለሱ።

«እድር ነን።»

ወዲያው አልመለስኩም። ፀጉሬን አስተካከልኩ፣ መጽሐፌን አጠፍኩ፣ ጫማዬንም ቀስ ብዬ አደረግኩ። እነሱም ጠበቁኝ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ድምፄን ጎላ አድርጌ፣

«ግቡ» አልኩ።